የሰባት ቁጥር ጉድጓድ ውሃ

ጆሮ የሰባት ቁጥር ጉድጓድን የውሃ መክፈቻ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ወደ ሞተር ቤቱ ሲሮጥ ፀሐይ ገና ከጉብታው ጫፍ ብቅ ማለቷ ነበር። የቅባት ጣሳው ጭኑን እየመታው፣ የተዘረጉትን የብረት ዘንጎች አንዱን ዘልሎ ሌላውን ጎንበስ ብሎ እያለፈ፣ እግሬ አውጪኝ ብሎ ሮጠ። አንድ የእንፋሎት ሞተር መሃል ላይ ቁጭ ብሎ በነዚያ ዘንጎች ሠላሳ አንድ ጉድጓድ ይጎትታል። ዘንጉ ሄዶ ሲመለስ በየጉድጓዱ አፍ የቆመው ፓምፕ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ከመሬት ሆድ የተረፈውን ነዳጅ በጭልፋ በጭልፋ ያወጣል። የጆሮ ሥራ ዘንጎቹን ቅባት መቀባትና ማዳመጥ ነው። ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ዓይኑን ሸፍናችሁ የትኛው ጉድጓድ እንደታመመ ብትጠይቁት ቁጥሩን ይነግራችኋል።

ነዳጅ የሚስብ ፓምፕ ያቃስታል። ድፍድፉ ወፍራም ስለሆነ ሸክም እንደከበደው ሰው እህ እያለ ነው የሚነሳው። ያን ዕለት ጠዋት አሥራ አንድ ቁጥር አላቃሰተም፤ ቀለል ብሎት ቶሎ ቶሎ ላይ ታች ይላል። ጆሮ ጣሳ ደቅኖ ቢያይ የወጣው ውሃ ነው፤ ላዩ ላይ ብቻ ቀጭን የነዳጅ ቀለም ተንሳፍፏል። ይህ የገዛ እጁ ሥራ መሆኑን ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለገውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰባት ቁጥር ከስድስት ዓመት በፊት ነጥፎ ፓምፑ የተነቀለ ጉድጓድ ነው። ባለፈው ክረምት ቱቦው ዝጎ ተበሳና የምንጭ ውሃ ወደ ታች መግባት ጀመረ። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ነዳጅ ወዳለበት ድንጋይ ውሃ የለቀቀ፣ ሲገባ አይቶ ዝም ያለም፣ በጦርነት ጊዜ ለጠላት እንደሠራ ይቆጠራል። የመስኩ አለቃ የጆሮ አማት ናቸው። ሊደፍኑት ሲሚንቶ አስጭነው ሄዱ፤ ሲሚንቶውን እንደተጫነ ይዘውት ተመለሱ። ጎረቤቶቹ ዘጠኝና አሥራ ሁለት ቁጥር፣ ሲሞቱ ሲያጣጥሩ የነበሩት፣ ያለ ምንም ምክንያት መጠናቸው ጨምሮ አገኟቸው። ሽማግሌው ሦስት ቀን ሙሉ ከማንም ሳይነጋገሩ ቆዩ፤ በአራተኛው አማቻቸውን ለብቻው ጠርተው ነገሩት። ድንጋዩ ነዳጅ የጠጣ ጨርቅ ማለት ነው አሉት። እኛ ጨምቀን የወሰድነው ሲሶውን አይሆንም፣ የቀረው እዚያው ተጣብቆ አለ። ጨርቅ ደግሞ በጭመቃ ብቻ አይጸዳም፣ ውሃ ይፈልጋል። ውሃው ከኋላ ሆኖ ቀስ ብሎ ከገፋው ነዳጁ ከፊት ከፊት እየሸሸ ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ይመጣል። ካጣደፉት ግን ስንጥቅ ፈልጎ በአቋራጭ ያልፋል፤ ነዳጁን እዚያው ጥሎት።

ከዚያ ወዲህ ቀዳዳው ወግ ያለው ቧንቧ፣ መክፈቻም ተሠራለት፤ ሽማግሌው አንድ ዙር ብቻ ከፍተው ተዉት። ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሠራተኛው እኚህን ሰውዬ "አባ ቀስ" የሚላቸው በከንቱ አይደለም። ቡሎን ሲያጠብቁ እንኳ ትንፋሽ እየወሰዱ ነው፤ የሚቸኩል ሰው ካዩ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላሉ፤ ሠራተኛው ደግሞ ከጀርባቸው "እስኪሄድ እኛ አርጅተን" ብሎ ይስቃል።

ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ የነዳጅ መስኮችን ከሚቆጣጠረው ሻለቃ ቴሌግራም መጣ። በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በትልቁ ገንዳ ውስጥ ያለው ነዳጅ ቀዩን መስመር ካልነካ መስኩ ይዘጋል፤ ሞተሩና ዘንጉ ተነቅሎ ይጫናል፣ አሥራ አራቱ ወንዶች ግንባር ይዘምታሉ። ከአሥራ አራቱ አንዱ ጆሮ ነው። የአባ ቀስ ሁለት ወንዶች ልጆች በመጀመሪያው ዓመት ዘምተው የተመለሰው የሁለቱም ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ ያውም የተጻፈው በሌላ ሰው እጅ። በሰባተኛው ቀን ማታ የጆሮ ሚስት፣ ገንዳውን የምትለካው እሷ ነች፣ የመለኪያ ዘንጓን አውጥታ አይታ፣ በዚህ አያያዝ አራት ጣት ይጎድላል አለች። ጆሮ እራቱን አልጨረሰም። መፍቻውን ይዞ ወጣ፤ አማቱን ሳያማክር የሰባት ቁጥርን መክፈቻ አዞረው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ጆሮ የጣለው የራሱን ብቻ አልነበረም፤ የአሥራ አራቱንም ነው።

ሽማግሌው ሞተር ቤት በር ላይ ቆመው የግፊት መለኪያውን በመሀረብ እየወለወሉ አገኛቸው። አሥራ አንድ ውሃ አመጣ አላቸው። የቀዳበትን ጣሳ ተቀበሉት፤ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ከጥልቅ የሚመጣ የመሬት ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ ይሄ አይልም። የምንጭ ውሃ ነው፣ የነሱው ውሃ። ጣሳውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡና ጆሮን አዩት። እሱ ዓይኑን ሰበረ።

"ሰባትን ዘግቼዋለሁ" አለ።

ስንት ተከፍቶ እንዳገኘው አልጠየቁትም። "ገንዳውን እንይ" ብለው ብቻ መንገድ ጀመሩ።

ሚስቱ ገንዳው ላይ ወጥታ ለክታ ኖሮ፣ ከመሰላሉ ጫፍ ሆና ነክቷል ብላ ጠራቻቸው። ቀዩን መስመር አንድ ጣት አልፎታል። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ጆሮን ከውርደቱ ይበልጥ ጎዳው። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ሌሊቱን ከአሥራ አንድ የመጣው ሁሉ ከገንዳው ሥር ተቀምጦ ነዳጁን ወደ ላይ ገፍቶታል። ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ አባባ፣ ሻለቃው በዘንግ ብቻ ከለካ አያውቅም፣ እንተወው ብሎ ለመነ። ሽማግሌው ግን አማቻቸው ደግሞ ደጋግሞ ሲለምን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው አላዩትም።

"ጭነው ይወስዱታል። መኪና ውስጥ ገብቶ መንገድ ላይ የሚያቆመው ይሄው ውሃ ነው። ያ መኪና የቆሰለ ሰው የጫነ ቢሆንስ?" አሉና የታችኛውን ቧንቧ ከፈቱት።

ውሃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ነዳጅ ማንጠብጠብ ሲጀምር ዘጉት፤ ልጃቸው እንደገና ለካች። ሦስት ጣት ይጎድላል። ከመሰላሉ ወርዳ ጆሮ ፊት ቆመች። ስለ ሰባት ቁጥር ባታውቅም የእሱ ሥራ መሆኑ በአንድ ጊዜ ገባት፤ ያን ማታ መፍቻውን ይዞ ሲወጣ አይታዋለች።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አለችው በዝግታ። ዘንጓን በጨርቅ ጠርጋ ቦታው ላይ ሰቀለችው።

ሻለቃው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። የመጣበት መኪና ከጀርባው የከሰል ምድጃ የተገጠመለት ነው፤ ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ መኪናውም እንደ ባቡር ከሰል እየበላ፣ አቀበት ላይ እየቆመ፣ ወታደር እየገፋው ነበር የሚሄደው። ሻለቃው ረጅም፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ፣ ከጦርነቱ በፊት የመሐንዲስነት ሥራ የነበረው ሰው ነው። በዚያ ወር አምስት መስክ ዘግቷል። ይህን ለአባ ቀስ የነገራቸው ራሱ ነው፤ መኩራራትም ማዘንም አልታየበትም፣ ደክሞታል። ከሃምሳ አለቃውና ከአራት ወታደር ጋር ገንዳው ላይ ወጣ። ዘንጉን ከጆሮ ሚስት ተቀብሎ በገዛ እጁ ነከረ፤ ቀጥሎም ወርዶ የታችኛውን ቧንቧ ከፍቶ አየ። የወጣው ነዳጅ ነው። ሽማግሌውን ቀና ብሎ አያቸው፤ በዚያ ወር ያን ቧንቧ ከፍቶ ንጹህ ያገኘበት የመጀመሪያው ገንዳ እንደሆነ ነገራቸው። ምስጋናው ግን ገንዳውን አይሞላም፤ ሦስት ጣት ጎድሏል።

ሰዓቱን ከኪሱ አወጣ፣ ስድስት ሰዓት እስኪሆን ጠበቀ፣ ከዚያ ለሃምሳ አለቃው ሞተሩ ይቁም አለው።

ሞተሩ ቆመ። ሠላሳ አንዱም ፓምፕ፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች፣ ባለበት ቀረ። ጆሮ በዚያ መስክ ሲያገለግል አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቶ አያውቅም። ከሞተር ቤቱ አሥራ ሦስት ወንዶች እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ፤ አንዱ ቀልደኛ፣ እንግዲህ ጆሮ ሥራ ፈታ አለ። የሳቀለት የለም። ወታደሮቹ ቁልፎቻቸውን ከመኪናው አውርደው የመጀመሪያውን ዘንግ መፍታት ጀመሩ።

አባ ቀስ ያን ጊዜ ነው ቆባቸውን ያወለቁት።

"ሻለቃ፣ አንድ ወንጀል ሠርቻለሁ፤ ልናዘዝ" አሉ። ሁሉም ሰማቸው። ከዘጠና ቀን ጀምሮ ሰባት ቁጥር ውስጥ ውሃ እየለቀቁ መሆናቸውን፣ ደንቡን እያወቁ መሆኑን፣ ብቻቸውን መሆኑን ተናገሩ። ሃምሳ አለቃው እጁን ወደ ሽጉጡ ላከ። የሽማግሌው ድምፅ ግን እየጠነከረ ሄደ። ይህን ያደረግሁት ገና ከመሬት ያልወጣ ነዳጅ ስላለ ነው፤ እስከ ዛሬ ከወሰድነው የተውነው ይበልጣል፤ ሻለቃው የዘጋቸው አምስቱ መስኮችም እንዲሁ ናቸው፣ ሆዳቸው ሙሉ ሆኖ ነው የተቀበሩት። አያምኑኝ፣ ዘጠኝንና አሥራ ሁለትን አይተው ይፍረዱ አሉ። ሌላ መከራከሪያ አልነበራቸውም። መስኩን ሊያድን የሚችለው ያ ቃል አንገታቸውን የሚያሳጣቸውም እሱው ነበር።

ሻለቃው እጁን አንስቶ ሃምሳ አለቃውን አስቆመው። ሞተሩን ለአንድ ሰዓት መልሱት አለና ተከተላቸው። ዘጠኝ ቁጥር ጋ ባልዲ አስደቅኖ በኪስ ሰዓቱ ጊዜውን ያዘ። ባልዲው ሲሞላ ያየውን ባለማመን ደግሞ አስደቀነ። በክረምቱ መዝገብ ከነበረው አራት እጥፍ ነው። አሥራ ሁለት ቁጥርም እንዲሁ ሆነ። ሻለቃው ጓንቱን አውልቆ ድፍድፉን በጣቶቹ መሃል አሸው፤ መሐንዲስነቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ፊቱ ላይ ተመለሰ። ከቆዳ ቦርሳው ካርታ አውጥቶ ዘረጋ። ጆሮ ሲጠጋ የሰውዬው ጣት ከሰባት ተነስቶ ወደ ዘጠኝ፣ ከሰባት ወደ አሥራ ሁለት ሄደ፤ ከዚያ መሃላቸው ያለው ቁጥር ላይ ቆመ።

"አሥራ አንድስ?" አለ።

ሄደው አዩት። ውሃ። ሻለቃው ቀመሰ፤ ሽማግሌውን ለምን ብሎ ጠየቃቸው።

አባ ቀስ ያውቁታል። ጠዋት ጣሳው ውስጥ ጣታቸውን ሲነክሩ ነው ያወቁት። እውነቱን ቢናገሩ አማቻቸው ያልቅለታል፤ ካልተናገሩ ዘጠና ቀን የለፉበት ነገር ከንቱ ይሆናል።

"እንጃ" አሉ። "የመሬት ነገር ምኑ ይታወቃል፣ ሻለቃ። አንዳንዱ እንዲህ ያደርጋል።"

የሻለቃው ፊት እንደገና ተዘጋ። እንግዲያው ደንቡ ልክ ነው አለ። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ የሚያዘው ሰው ከሌለ ዛሬ አሥራ አንድን ያበላሸ ነገ ዘጠኝን ያበላሻል፤ በዚህ ላይ ተማምኜ ሞተር አልተውም። ካርታውን አጠፈ። ለሃምሳ አለቃው ምልክት ሰጠው፤ ሃምሳ አለቃውም የሽማግሌውን ክንድ ያዘ።

ጆሮ የሚለውን አላሰበበትም። ቢያስብበት ኖሮ ምናልባት ዝም ባለ፤ ፈሪ መሆኑን ራሱም ያውቃል፣ መክፈቻውን ያዞረውም ፍርሃቱ ነው።

"አሥራ አንድን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አለ። "እሳቸው በልክ ነው የከፈቱት። ጭማሪውን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ከትናንት ወዲያ ማታ፣ ሳላስፈቅድ። በልኩ ቢተው ኖሮ እንደ ዘጠኝ ይሆን ነበር።"

ሽማግሌው ክንዳቸውን ከሃምሳ አለቃው አስለቅቀው መጡና አማቻቸውን በጥፊ መቱት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ክፉ ቃል እንኳ ተናግረውት አያውቁም። ውሸቱን ነው፣ ሊያድነኝ ብሎ ነው እያሉ ወደ ሻለቃው ዞሩ፤ እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርድ ነበር። ሻለቃው ግን ሽማግሌውን አይሰማም። ጆሮን ለምን እንዳደረገው ጠየቀው፤ ጆሮም ቀዩን መስመር ለመድረስ ነው አለ። ቀዩን መስመር ያሠመረው ሻለቃው ራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቶሎ ሆነ። ሻለቃው ለሃምሳ አለቃው የተፈታው ዘንግ ተመልሶ ይታሰር አለው። ሞተሩ ለዘጠና ቀን ባለበት ይቆያል። ሰዉም ይቆያል። ሽማግሌው ውሃውን በሚያውቁት መንገድ ይቀጥላሉ፤ በየሳምንቱ የየጉድጓዱን መጠን ጽፈው ይልኩለታል። የተዘጉትን አምስቱንም ለማስከፈት እንደሚሞክር ተናገረ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው፣ ወንጀሉ እኮ የእኔ ነው፣ ስናዘዝ ሁሉ ሰምቷል አሉት።

"አባቴ፣ አዛዦቼ ከዚህ መስክ የአንድ ሰው ስም ይጠይቁኛል" አለ ሻለቃው። "የውሃውን ነገር የሚያውቀውን ሰው አልሰጣቸውም። እኔ ሲናዘዝ የሰማሁት አንድ ሰው ብቻ ነው።"

በደንቡ የመስኩን ጉድጓድ ያበላሸ ሰው የሚሄደው ግንባር፣ ፈንጂ ለቃሚው ክፍል ነው። ከዚያ ክፍል ደብዳቤ እንኳ እንደማይመጣ የማያውቅ አልነበረም። አሥራ ሦስቱ ወንዶች ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ፤ በሰው ሞት መትረፍ ደስታው አያስደስትም፣ ቢያስደስትም ያሳፍራል። ያ ቀልደኛ ጃኬቱን አውልቆ ለጆሮ ደረበለትና ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ሚስቱ ወደ ቤት ሮጣ የክረምት ጫማውን ይዛ መጣች። እንዲቀመጥ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን ልጅ፣ ጫማውን ራሷ አደረገችለት። ማሰሪያውን እያጠበቀች፣ የተናገርከው ይሻላል፣ አባዬን ወስደውብኝ አንተ ዝም ብለህ ብትቀር አንድ ቤት አንኖርም ነበር አለችው። እሱም ይህንኑ ያውቅ ነበር። ጠጉሯን በዘይታም እጁ ነካ፤ እሷ እጁን ይዛ ጉንጯ ላይ አቆየችውና ማልቀስ ጀመረች፤ ወታደሩ ተነስ እስኪለው ድረስ እንዲሁ ቆዩ።

መኪናው የከሰል ምድጃው እስኪግል ጊዜ ፈጀ። ጆሮ ከኋላ፣ በሁለት ወታደር መካከል ተቀምጦ ሳለ አባ ቀስ ከሰባት ቁጥር በኩል ሲመጡ አየ። የመጡት በሩጫ ነው። እኚያ ሰው ሲሮጡ ያየ ሰው በዚያ መስክ የለም፤ ወታደሮቹ ሳይቀሩ መንገድ ለቀቁላቸው። የመኪናውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ልጄ፣ በአንዱ ዙር ላይ ስንት ጨመርክበት?" አሉ። "ዘግተኸዋል፣ አይታወቅም። ድንጋዩ የተሰበረው ስንት ላይ እንደሆነ ካላወቅሁ መልሼ ልከፍተው አልችልም።"

ቀኑን ሙሉ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ጆሮ ያን ማታ አስታወሰ። መጀመሪያ ሁለት ዙር ነው የጨመረው። ጨምሮ፣ መፍቻውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ወደ ቤቱ መንገድ ጀምሮ ነበር። አራት ጣት፣ አራት ጣት የሚለው የሚስቱ ቃል ጆሮው ውስጥ አልጠፋ ቢለው ነው ከመንገድ የተመለሰው።

"ሁለት ዙር" አለ። "ከዚያ ተመልሼ ግማሽ።"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አሰቡ። ያን ሁሉ ዘመን ስለ ጉድጓድ የዋሹት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ፣ ለጆሮ ሲሉ። መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ። ጠርዙን ሳይለቁ አብረው መራመድ ጀመሩ።

"አባባ፣ ግማሿን ባልጨምርስ ኖሮ?" አለ ጆሮ።

"ድንጋዩ ይችለው ነበር" አሉት።

እጃቸው ከጠርዙ ለቀቀ። መንገዱ መሃል ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ መፍቻቸውን ከወገባቸው አውጥተው ወደ ሰባት ቁጥር ተመለሱ።